ናይትሮጅንና እንቦጭ፦ ከማሳ ያመለጠው ጣና ላይ ሲቆጠር

በጣና ዙሪያ በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ያረፈው አየር ከ60 ሺህ ቶን በላይ ናይትሮጅን ይዟል። ከሥሩ የበቀለው ጤፍ ግን ጥቂት ኪሎ ናይትሮጅን አጥቶ ቅጠሉ ይገረጣል። ከማሳው ቁልቁል ሐይቁ ላይ ደግሞ እንቦጭ ያንኑ ናይትሮጅን ጠግቦ ይንሰራፋል። ሦስቱን የሚያገናኛቸው የናይትሮጅን ዑደት ነው። ዑደቱን የሚያሽከረክሩት ሕያዋን ፍጥረታት ስለሆኑ፣ የእነሱ ብዛት ሲጨምርና ሲቀንስ ናይትሮጅኑም ቦታ ይቀያይራል። በትምህርት ቤት የናይትሮጅን ዑደትና የፍጥረታት ብዛት መለዋወጥ በተለያየ ምዕራፍ ይሰጣሉ። እንቦጭ ለምን ታጭዶ እንደማያልቅ የሚገባን ግን ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ችግሩ አተሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ጠንካራ ማሰሪያ መቆራኘታቸው ነው። ተክልም እንስሳም ይህን ማሰሪያ መበጠስ አይችልም። መብረቅ ጥቂቱን ይበጥሳል። ሰው የቻለው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ ሠርቶ አሳየ፣ ካርል ቦሽ ደግሞ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አሳድጎት በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው በተባለው ቦታ ምርት ተጀመረ። ዛሬ ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ የሚመጣው ከዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ 400 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ ከተራው አየር ግፊት ደግሞ ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ያስፈልጋል።

የባቄላ ሥር ላይ የሚኖረው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ግን ይህንኑ ሥራ በተራ የአፈር ሙቀት ያከናውነዋል። ባክቴሪያው ሥሩ ውስጥ ገብቶ ትንንሽ እባጮች ይሠራል፤ ተክሉ ስኳር ይመግበዋል፣ እሱ ደግሞ በምላሹ ናይትሮጅን ይሰጠዋል። ሥራውን የሚሠራውን ኢንዛይም ኦክስጅን ስለሚያበላሸው፣ ተክሉ እባጩ ውስጥ የኦክስጅኑን መጠን የሚቆጣጠር ቀይ ፕሮቲን ያመርታል። ፕሮቲኑ ደማችንን ቀይ ከሚያደርገው ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና አለው። ይህ ቅላት ለገበሬ ትልቅ ምልክት ነው። ባቄላው ማበብ ሲጀምር ከማሳው የተለያየ ቦታ አሥር ያህል እግር ይመረጥ። እንዳይነቀል፣ ሲነቀል እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ በአካፋ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ከነአፈሩ ይነሳና ባልዲ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አፈሩ ይለቅለቅ። ከዚያ እባጩን በጥፍር ሰንጥቆ ማየት ነው። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ አለዚያም ባክቴሪያው ለዚያ ሰብል የማይሆን ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል።

እባጭ ሲጠፋ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው የባክቴሪያው ዓይነት አለመኖር ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ አንድ ዓይነት ራይዞቢየም ይጋራሉ፤ ሽምብራ የራሱን ይፈልጋል፣ አኩሪ አተርም እንዲሁ። ለአኩሪ አተር የተዘጋጀን የባክቴሪያ ፓኬት ባቄላ ዘር ላይ መለወስ ድካም ብቻ ነው። ሁለተኛው የአፈር ኮምጣጣነት ነው፤ የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ የባክቴሪያው ቁጥር ያሽቆለቁላል፣ ኖራ ሳይጨመር መድኃኒት የለውም። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፦ ዩሪያ ሲበዛ ተክሉ ናይትሮጅን በቀላሉ ስለሚያገኝ ለባክቴሪያው ስኳር መስጠቱን ያቆማል፣ እባጩም ይቀራል።

የሚገዛው የባክቴሪያ ማዳበሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በአንድ ግራም ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፀሐይ ካገኛቸው፣ ከደረቁ ወይም ከዩሪያና ከኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ካለው ማዳበሪያ) ጋር በቀጥታ ከተደባለቁ በፍጥነት ያልቃሉ። ስለዚህ ፓኬቱ ለሚያዘው የመሬት ስፋት የሚበቃው ዘር በጥላ ሥር በቀላል የስኳር ውሃ ይረጥባል፣ ዱቄቱ እያንዳንዱን ፍሬ እስኪሸፍን ይለወሳል፣ በዚያው ቀን ተዘርቶ ወዲያው አፈር ይለብሳል። የሰብሉ ዘመዶች ለብዙ ዓመት ባልተዘሩበት መሬት ላይ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ባቄላ በየሁለት ዓመቱ በሚዘራበት ማሳ ግን የአገሬው ባክቴሪያ ቀድሞ ቦታውን ስለሚይዘው አዲሱ መጤ ላይታይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል መታረም አለበት፤ «ባቄላ ከተዘራ መሬቱ ዩሪያ አይፈልግም» ይባላል። ሒሳቡ ይህን አይደግፍም። ፕሮቲን በክብደት 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። የባቄላ ፍሬ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ፣ 20 ኩንታል ባቄላ ሲወቃ 80 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ወደ ጎተራ ይገባል። ገለባውም ለከብት ከተወሰደ፣ ሥሩም አብሮ ከተነቀለ፣ ለቀጣዩ ጤፍ የሚቀረው ትንሽ ነው። የባቄላ ትልቁ ውለታ የራሱን ናይትሮጅን ከአየር ማምጣቱና የአፈሩን አለመጨረሱ ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ እንዲቀር ከታጨደና የገለባው ከፊል ከተመለሰ ግን ቀጣዩ ሰብል የሚለይ ድርሻ ያገኛል።

ወደ አፈሩ እንግባ። የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር በሄክታር 2,400 ቶን ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ናይትሮጅኑ 0.15 በመቶ ቢሆን 3,600 ኪሎ ይሆናል፤ 15 ኩንታል ፍሬ የሚሰጥ ጤፍ ግን ከፍሬውና ከጭዱ ጋር የሚወስደው 45 ኪሎ ገደማ ነው። ታዲያ ጤፉ ለምን ይገረጣል? ናይትሮጅኑ በበሰበሰ ቅሪት ውስጥ ታስሮ ስለሚኖርና በዓመት የሚፈታው ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት እጅ ብቻ ስለሆነ ነው። የሚፈቱት ደግሞ ረቂቅ ሕያዋን ናቸው። መጀመሪያ አብስባሾች ፕሮቲኑን ሰባብረው አሞኒየም ያወጡታል። ቀጥሎ አንድ የባክቴሪያ ወገን አሞኒየሙን ናይትራይት ያደርገዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወዲያው ናይትሬት ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ይህን ቅብብል የለየው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነበር። አሞኒየም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ያለው ሸክላ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል። ናይትሬት አሉታዊ ነው፤ አፈሩ ይገፋዋል እንጂ አይዘውም፣ ውሃ ወደሄደበት ይሄዳል። ሐይቁ ድረስ የሚሄደው የታሪኩ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የፍጥረታት ብዛት ናይትሮጅንን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ከገለባ የተሻለ አስተማሪ የለም። ክረምት ሲገባ አንድ ቶን የስንዴ ገለባ አፈር ውስጥ ቢገለበጥ 400 ኪሎ ካርቦንና 5 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይገባል፣ ማለትም 80 ለ1። ረቂቅ ሕያዋኑ የራሳቸውን ሰውነት የሚገነቡት ግን 8 ለ1 በሆነ መጠን ነው። ከካርቦኑ ሲሶውን፣ 133 ኪሎ ያህሉን፣ ወደ ሰውነታቸው ቢለውጡት 16 ወይም 17 ኪሎ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ የቀረውን ካርቦን ይተነፍሱታል። ገለባው የሰጣቸው 5 ኪሎ ነው። የጎደለውን 12 ኪሎ ያህል ከአፈሩ ይወስዱታል፤ ይህ 25 ኪሎ ዩሪያ መሆኑ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የባክቴሪያውና የፈንገሱ ቁጥር ይፈነዳል፣ ሰብሉ ይገረጣል። ምግቡ ሲያልቅ ቁጥራቸው ይወድቃል፣ የሞቱትን ሌሎች ይበሏቸዋል፣ ናይትሮጅኑም ተመልሶ ይለቀቃል። ናይትሮጅኑ አልጠፋም፣ ለጊዜው በሕያዋኑ ሰውነት ተይዞ ነበር። ከ25 ለ1 በታች የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የበሰለ ፍግ ወይም የጥራጥሬ ቅጠል፣ ሲጨመር ይህ ሽሚያ አይከሰትም። ስለዚህ ገለባ ከመዝራት ሁለት ወር ቀድሞ ይቀበር፣ ካልሆነም በኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከእበት ጋር ይብሰል።

ከማሳው ናይትሮጅን የሚያመልጥባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ዩሪያ በእርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ከቀረ፣ በተለይ ፀሐይ ከወጣ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ማልበስ ይህን በር ይዘጋዋል። ሁለተኛው በር ጎርፍና ስርገት ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ሁሉም በዘር ጊዜ ከተሰጠ ቡቃያው ገና ሥር ሳይሰድ የሐምሌ ዝናብ ናይትሬቱን ይወስደዋል። ለዚህ ነው ለሁለት ተከፍሎ፣ ከፊሉ በዘር ጊዜ፣ የቀረው ከአንድ ወር በኋላ አረም ከታረመ በኋላ የሚሰጠው። በዋልካ መሬት ላይ ሦስተኛ በር አለ። ውሃ ሲተኛ አፈሩ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፤ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን በኦክስጅን ፋንታ ይጠቀሙበትና ወደ አየር ይመልሱታል። ከፊሉ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ሲሆን፣ በመቶ ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ፈሰስ የሚያወጣ ገበሬ ውሃ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ኪሳራ እየተከላከለ ነው። ኩበትም አይረሳ፤ መቶ ኪሎ ደረቅ ኩበት ሲነድ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን በጭስ ይሄዳል፣ አመዱ ውስጥ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ብቻ ይቀራሉ።

አሁን ሐይቁ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ በአማካይ ግን 8 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ብቻ ያለው፣ ገንዳ የሚመስል ሐይቅ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምት ክረምት ደለል ተሸክመው ይገቡበታል። ደለሉ ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለ፤ ከላይ ባየነው መጠን አንድ ቶን የታጠበ የማሳ አፈር አንድ ኪሎ ተኩል ናይትሮጅን ይዞ ይወርዳል። የከተማ ፍሳሽም ይጨመርበታል። ድሮ ይህን ጭነት ከሐይቁ አፍ ላይ የሚቀበለው ደንገልና ረግረግ ነበር። ደንገል ውሃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ሥሩ ናይትሬቱን ይመጥጣል፣ ከሥሩ ያለው ኦክስጅን የሌለው ጭቃ ደግሞ ናይትሬቱን ወደ አየር ይመልሰዋል። ማሳ ላይ ኪሳራ ያልነው ሥራ እዚህ ጥቅም ነው። ደንገሉ ተጨፍጭፎ ዳርቻው ሲታረስ ይህ ማጥለያ ተነሳ።

እንቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። በኢትዮጵያ ቆቃና አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታይቷል፤ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ ዳርቻ ነው። በሚመች ሁኔታ በሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሳምንትን እንውሰድ። አንድ እግር በ20 ሳምንት 1,024፣ በ40 ሳምንት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናል። አንድ ወሽመጥ ሙሉ በሙሉ ከመሸፈኑ ከሁለት ሳምንት በፊት ግማሹ ክፍት ነበር፤ ከስምንት ሳምንት በፊት የተያዘው አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነበር። ሰው ደንግጦ የሚሰበሰበው ግን ግማሹ ሲያዝ ነው።

በእርግጥ ማንም ፍጥረት ለዘላለም እጥፍ አይሆንም። ቤልጂየማዊው ፒየር ፍራንሷ ቬርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 እንዳሳየው፣ ብዛት ሲጨምር ቦታና ምግብ ያጥራል፣ እድገቱ እየቀዘቀዘ ሄዶ አካባቢው መሸከም ከሚችለው መጠን ላይ ይቆማል። እድገቱ በጣም የሚፈጥነው የዚያ መጠን ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚህ የሚወጣው ነገር ለእንቦጭ ዘመቻ ወሳኝ ነው፦ ጥቅጥቅ ያለ እንቦጭ በመጨናነቁ እድገቱ ዝግ ብሎ ነበር፤ ግማሹ ሲነሳለት የቀረው ቦታና ብርሃን አግኝቶ ይፈጥናል። ግማሹን ማንሳት የሁለት ሳምንት ፋታ ነው። ከመቶ ዘጠናውን ማንሳት የሰባት ሳምንት ገደማ፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ማንሳት ደግሞ የ13 ሳምንት ፋታ ይሰጣል። ሰፊ ቦታ ላይ ግማሽ ግማሽ ከማንሳት አንድን ወሽመጥ እስከ መጨረሻዋ እግር ጨርሶ ከልሎ መጠበቅ ይበልጣል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመሸከሙን መጠን የሚወስነው ደግሞ ምግቡ ነው። እርጥብ እንቦጭ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ከደረቁ ክፍል ሁለት በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ይገኛል። አንድ ቶን እርጥብ እንቦጭ ማለት እንግዲህ አንድ ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ገልብጠን ስናየው፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ሐይቁ የታጠበ የአንድ ኩንታል ዩሪያ ናይትሮጅን ለ46 ቶን እርጥብ እንቦጭ ይበቃል። ከላይ ምግቡ እየፈሰሰ ከታች ቁጥሩን ማጨድ ማለቂያ የሌለው የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የመገጭና የጉማራ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን እንቦጭን የመከላከል ሥራ ነው። ናይትሮጅንን ብቻ መቀነስም አይበቃም። ፎስፈረሱ ከቀጠለና ናይትሮጅኑ ካነሰ፣ ከአየር ናይትሮጅን መያዝ የሚችሉ ሳይኖባክቴሪያ የተባሉ ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያዎች ዕድሉን ያገኛሉ፤ ከእነሱ መርዝ የሚያመነጩ አሉ። ፎስፈረስ አፈር ላይ ተጣብቆ ስለሚጓዝ አፈሩን ማስቀረት ሁለቱንም ይይዛል።

ታጭዶ የወጣው እንቦጭ ሐይቁ ዳር ሲከመር ግማሹ ድካም ከንቱ ይቀራል፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑ በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳል። ውሃው ላይ ተከታትፎ መተው ደግሞ የከፋ ነው፦ ቁርጥራጩ ያቆጠቁጣል፣ የሞተው ሲበሰብስ አብስባሾቹ ተባዝተው የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፣ ዓሣ ይሞታል። ጎርፍ ከማይደርስበት ወስዶ ከጭድና ከእበት ጋር ኮምፖስት ማድረግ ናይትሮጅኑን ወደ መጣበት ማሳ ይመልሰዋል። ከማበቡ በፊት የታጨደ ይሁን፤ ካበበ ግን ክምሩ መሃሉ ከ55 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅና ዳሩ ወደ መሃል እንዲገባ ደጋግሞ መገልበጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ዘሩ ወደ ማሳና ወደ ቦይ ይጓዛል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተለቀቁት ሁለት የእንቦጭ ነቀዝ ዓይነቶች ብዙ ረድተዋል፤ የ1997 እና 1998 ኤልኒኖ ያመጣው አየርም አግዟቸዋል። ነቀዙ ግን ሦስት አራት ወር ሳይሞላው አይባዛም፣ እንቦጩ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የበላተኛው ቁጥር ከተበላተኛው ወደኋላ ይቀራል፤ የሒሳብ ሊቃውንቱ አልፍሬድ ሎትካና ቪቶ ቮልቴራ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በቀመር ያስቀመጡት ይህን ዓይነቱን የመከታተል ማዕበል ነው። ጣና ከቪክቶሪያ 650 ሜትር ያህል ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ነቀዙ ከዚያም ይበልጥ ይዘገያል። ነቀዝ በተለቀቀበት ወሽመጥ ውስጥ እንቦጩን ጠራርጎ ማጨድ ወይም መድኃኒት መርጨት ነቀዙን በረሃብ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ከዘር የሚመለሰው እንቦጭ ጠላት የለውም። ነቀዝ ያለበት ቦታና የሚታጨድበት ቦታ አስቀድሞ መለየት አለበት።

ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በደንብ የሚበቅለው ውሃው ሲሸሽ፣ እርጥብ ጭቃ ብርሃን ሲያገኝ ነው። የጣና ውሃ ዝቅ የሚለው ከመጋቢት በኋላ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቡቃያው ጭቃው ላይ እንደ ጎመን ችግኝ ቆሞ ይታያል፣ በእጅም ይነቀላል። ውሃ ሸሽ መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ለመለየት ቀላል የሚሆንላቸው ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ስለሆነ፣ ግንዱ ደግሞ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ስለሚለሰልስ ነው። የሰኔ ዝናብ ከመጣ በኋላ ቡቃያው ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ በግንቦት ሳትነቀል የቀረችው አንዷ እግር በጥቅምት 1,024 ሆና ትጠብቃለች።